ከግንባር የተመለሰ ሰው ቤት ሲገባ፦ ከጥያቄ በፊት እንቅልፍ

አጎቴ ጫማቸውን ሳያወልቁ ነበር የሚተኙት። ግንቦት 1983 የደርግ ጦር ሲበተን ከኤርትራ በሱዳን ዞረው፣ እግራቸው አብጦ ቤት ገቡ። በግ ታረደ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፦ «እስቲ አጫውተን፣ እንዴት ነበር?» «ሌሊት ትተኛለህ ወይ?» ያላቸው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ጫማውን ማውለቅ የጀመሩት ከስንት ወር በኋላ እንደሆነ እናቴም አታስታውሰውም።

ያኔ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ወታደር ነው በአንድ ጊዜ ሲቪል የሆነው። ከዚያ የባድመው ጦርነት መጣ። ከዚያ የሰሜኑ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ። ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን በሰባት ክልሎች ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሲቪል ሕይወት ለመመለስ ዕቅድ ያዘ፤ መቀሌ ላይ ሥራው የተጀመረው በኅዳር 2017 ነው። የካምፑ ቆይታ ግን አጭር ነው። ሰውየው መሣሪያውን አስረክቦ፣ ትንሽ ሠልጥኖ፣ መቋቋሚያ የሚባል ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ሌላው ሁሉ የሚወድቀው እናት፣ ሚስትና ወንድም ላይ ነው።

የምጽፈው ለእነሱ ነው። ሐኪም አይደለሁም። አጎቴን ያየሁ፣ በኋላም ከሰሜኑ ጦርነት የተመለሰ ወንድሜን ይዤ የተንከራተትኩ ሰው ነኝ። ሰውየው ከመከላከያ ይሰናበት፣ ከልዩ ኃይል ወይም ከሌላ ታጣቂ፣ ሌሊት የሚያባንነው ነገር ያው ነው። «እሱ» እያልኩ ብጽፍም ከተመላሾቹ መካከል ብዙ ሴቶች አሉ። እነሱ ላይ ደግሞ «ሴት ልጅ ምን ሊያደርግ ዘመተች» የሚል የሰፈር ወሬ ይጨመርባቸዋል፤ እሱን ማስቆም የቤተሰቡ የመጀመሪያ ሥራ ይሁን።

መጀመሪያ፦ ድግሱን አዘግዩት

ደስታችሁ ይገባኛል። ግን ስድሳ ሰው በጠባብ ሳሎን፣ እልልታ፣ ከኋላው የሚያቅፈው ዘመድ፣ የሚጮህ ስፒከር... ይህ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት አይሆንም። በአንዳንድ አካባቢማ ደስታ የሚገለጸው በጥይት ነው። እሱን ጭራሽ ከልክሉ። የቤት ሰው ብቻ ሆናችሁ ብሉ። ድግሱ ከወር በኋላ ይሁን፤ እሱም ቀኑን ራሱ ይምረጥ፣ ሲደክመው ሹልክ የሚልበት ክፍልም ይዘጋጅለት።

ቀጥሎ፦ መኝታውን አስተካክሉ

ብዙው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

የሚተኛበትን ቦታ እሱ ይምረጥ። ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ በሩን እያየ መተኛት ሊፈልግ ይችላል። መብራት አብርቶም ሊሆን ይችላል። አትሳቁበት፣ አትቆጡትም። ወንድሜ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የተኛው ሳሎን ውስጥ፣ መሬት ላይ፣ በሩ ትይዩ ነበር። እናቴ «አልጋ እያለህ!» እያለች ታለቅሳለች። እኛ ምሽግ ለምዶ፣ ፍራሹ አልመች ብሎት መስሎን ነበር። ለካ ከመኝታ ክፍሉ ሆኖ የግቢው በር አይታየውም። አልጋውን አዙረን በሩ እንዲታየው ስናደርግ ገብቶ ተኛ።

እንዴት እንደምትቀሰቅሱት ቀን ላይ፣ እሱም ባለበት ተነጋገሩ። በቅዠት ሲጮህ ሮጣችሁ አትነቅንቁት። ተኝቶ የተነካ ወታደር እጁ ከሐሳቡ ይቀድማል። ከእግርጌው ራቅ ብላችሁ ወይም በሩ ላይ ቆማችሁ በስሙ ጥሩት፤ እናቱ በምትጠራው የቤት ስሙ ቢሆን ደግሞ ይሻላል። መብራት አብሩ። «እኔ እከሌ ነኝ፤ ቤትህ ነህ፤ ዛሬ ማክሰኞ ነው» በሉት። እስኪመልስላችሁ አትጠጉት። ሲነቃ እግሩን መሬት ያስነካ፣ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ። ምን እንዳየ አትጠይቁት። ልጆችንም «ሂዱ አባታችሁን ቀስቅሱ» ብላችሁ አትላኩ።

አብራው የምትተኛ ባለቤት ካለች ይህን በግልጽ ይነጋገሩበት። በእንቅልፍ ልቡ የሚስቱን ጉሮሮ ያነቀ ሰው አውቃለሁ። ሲነቃ ከእሷ ይልቅ የደነገጠው እሱ ነበር። ለጥቂት ጊዜ አልጋ ቢለዩ መጣላት አይደለም፤ ለአማትና ለጎረቤትም መግለጫ መስጠት አያስፈልግም።

ቢተኛም ባይተኛም ጠዋት ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይነሣ። ቀን ረዘም ያለ እንቅልፍ ይቅርበት። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አይጠጣ። ይህን ለሐበሻ መንገር ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ከሰዓት ሲፈላ አብሮ ይቀመጥ፣ ጨዋታውን ይጫወት፣ ፈንዲሻውንም ይብላ፤ ስኒዋን ብቻ ይለፋት። ሌላው ስልኩ ነው። ሌሊት በቲክቶክ የጦርነት ቪዲዮ የሚያይ ተመላሽ ብዙ ነው። ያን ማየት የሚያስተኛው ይመስለዋል፣ ግን ያነቃዋል። ስልኩን አትንጠቁት፤ ማታ ሳሎን ቻርጅ ላይ እንዲሆን ተስማሙ፣ የራሳችሁንም አብራችሁ አስቀምጡ።

ድምፅ ደግሞ አለ። የባጃጅ ጭስ ማውጫ ይጮኻል፣ የቆርቆሮ በር ድው ብሎ ይዘጋል። ይህን ማስቀረት አይቻልም። የሚታወቀውን ግን አስቀድማችሁ ንገሩት። የዘመን መለወጫና የደመራ ማታ ርችት እንዳለ፣ በዓል ላይ መድፍ እንደሚተኮስ፣ ጎረቤት ቤት እየፈረሰ እንደሆነ። ያወቀው ድምፅ የሚያስደነግጠው ካላወቀው ባነሰ ነው።

ጠያቂና መርዶ

እኛ አገር ተመላሽ ሲገባ ሁለት ዓይነት ጠያቂ ይመጣል። አንደኛው ወሬ ፈላጊ ነው። «ስንት ገደልክ?» ይላል፣ እየሳቀ። ይህን ሰው በር ላይ መመለስ ነውር አይደለም። «ደክሞታል፣ ተኝቷል» በሉ። ልጆችም «አባዬ ሰው ገድለሃል?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን አስቀድሞ ያዘጋጅ፤ «ስታድግ እነግርሃለሁ፤ አሁን ግን ከአንተ ጋር ነኝ» ለአንድ ልጅ ይበቃዋል።

ሁለተኛዋ ጠያቂ ከባድ ናት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፎቶ ይዛ ትመጣለች። «ልጄን አይተኸዋል?» ትላለች። እሷን መመለስ አይቻልም፤ አይገባምም። ግን ያለ ዝግጅት እሱ ፊት ማስቀመጥም አይቻልም። አይቶት ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ወድቆ፣ ሳይቀብረው ትቶት መጥቶም ሊሆን ይችላል።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። አንድ ሽማግሌ በመካከል ገቡ፤ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ጠያቂ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ጋ እንዲሄድ ተባለ። ስሙን፣ ክፍሉን፣ መጨረሻ የተሰማበትን ቦታ ይቀበላሉ። ከዚያ ወንድሜን፣ ጠዋት፣ ምግብ ከበላ በኋላ ይጠይቁታል። ሁለት ፈቃድ ሰጡት። አንዱ፣ የማያውቀውን «አላውቅም» እንዲል፤ ለማጽናናት ብሎ «ተማርኮ ይሆናል» ማለት እናቲቱን ዓመታት ያስጠብቃታል። ሁለተኛው፣ የሚያውቀውንም ቢሆን እንዴት እንደሞተ እንዳይዘረዝር። «ነበርኩ። አርፏል። ስሙን አልረሳውም።» ይህ ይበቃል። መርዶውን ራሱ ለእናትየው የሚያረዱት ደግሞ ሽማግሌዎቹ ናቸው፣ እንደ ወጉ በማለዳ። በነጋታው ወንድሜ ለለቅሶ ሄደ። ሁለት ሌሊት አልተኛም፤ ብቻውን እንዳይሆን ተራ ገብተን አብረነው አደርን። ከዚያ ወዲህ ግን የሟቹን ስም ቤት ውስጥ መጥራት ጀመረ። ከዚያ በፊት አይጠራውም ነበር።

ሙት ዓመቱን፣ ተዝካሩን ወይም ዱዓውን የሚያደርጉ ቤተሰቦች ከጠሩት ይሂድ። ያልቀበረውን ጓደኛ የሚያለቅስበት ሌላ ቦታ የለውም። ራሱ ባደረገው ነገር የሚጸጸት ከሆነም ንስሐ አባቱ ወይም ሼኹ ጋ መሄዱ ትልቅ ነገር ነው። እኛ ልናወጣጣው ግን አንሞክር። አስቀምጦ «ሁሉን ተናገር፣ ይወጣልሃል» ማለት እንደማይጠቅም በጥናት ታይቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። ያየውን በሥርዓት መናገር ሕክምና የሚሆነው ከሠለጠነ ሰው ጋር፣ በቀጠሮ፣ ቀስ በቀስ ሲሆን ነው። ራሱ መናገር ከጀመረ ግን ቁጭ ብላችሁ ስሙት። «እኔም እኮ ባለፈው...» ብላችሁ አታቋርጡት።

መጠጡና ጫቱ

አረቄ ያስተኛል። እውነት ነው። ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ግን እንቅልፉን ይበጣጥሰዋል፣ ቅዠቱም ያኔ ይብሳል። ጫት ደግሞ እንቅልፉን ጭራሽ ይወስድበታል፤ እሱን ለመስበር ማታ ይጠጣል፣ በነጋታው ለመንቃት ይቅማል። ይህን ቀለበት ብዙ ቤት አይቼዋለሁ። ስብከት አይሠራም። ምን ያህል እንደሚጠጣ ራሱ ለአንድ ሳምንት እንዲጽፍ ማድረግ ይሠራል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የቆየ ሰው በአንድ ቀን «በቃኝ» ብሎ ካቆመ፣ እጁ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበውና ከቃዠ፣ ያ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያስከትል የሚችል አደጋ ነው። ሆስፒታል ውሰዱት።

ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ የሚገዛ ዲያዜፓምም መፍትሔ አይደለም። ለጥቂት ሌሊት ይሠራል፤ ከዚያ ያለ እሱ መተኛት የማይቻል ይሆናል።

መሣሪያው

ገጠር ከሆናችሁ ቤት ውስጥ ክላሽ አለ። የአባቱ ወይም የራሱ። እንቅልፍ ከሌለው፣ ከሚጠጣ፣ ከተስፋ ከቆረጠ ሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አይደር። «ቀምተንሃል» አትበሉት፤ ወንድ ልጅን መሣሪያ መንጠቅ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። «እስክትበረታ አጎትህ ጋ ይቀመጥ» በሉት። ጥይቱ ደግሞ ሌላ ቤት።

ከአንድ ወር በኋላ፦ አምስት ጥያቄዎች

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነንና መቃዠት ያለ ነው። ብዙው ሰው ቀስ እያለ ይሻለዋል። ወር ካለፈ በኋላ ግን እነዚህን ጠይቁት፤ የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የሚጠቀሙበት አጭር መጠይቅ ነው፣ እኔ በቤት አማርኛ አደረግኩት። ባለፈው አንድ ወር፦

ያ ነገር በሕልምህ ወይም ሳትፈልገው በሐሳብህ ይመጣብሃል?

እንዳታስታውሰው ብለህ ከሰው፣ ከቦታ ወይም ከወሬ ትሸሻለህ?

ሁልጊዜ ዘብ የቆምክ ያህል ነህ? በትንሽ ነገር ትባንናለህ?

ከሰው፣ ከልጆችህ ጭምር የራቅህ ወይም የደነዘዝክ ይመስልሃል?

ስለሆነው ነገር ራስህን ወይም ሌላውን ከመውቀስ ማቆም አቅቶሃል?

ሦስትና ከዚያ በላይ «አዎ» ካለ ባለሙያ ጋ የምትሄዱበት ሰዓት ነው። ሐኪሞቹ ፒቲኤስዲ ይሉታል፤ ከአሰቃቂ ነገር በኋላ የሚቆይ የአእምሮ ሕመም ማለት ነው። እኛ ቤት «ብርድ መታው»፣ «ለከፈው»፣ «ተበሳጭቶ ነው» ስንል የኖርነው ነገር፣ ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

ሕክምና ቤት

«አማኑኤል» የሚለው ቃል ስንት ሰው ከሕክምና እንዳስቀረ እግዜር ይወቀው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው፣ መርካቶ አጠገብ ያለው ሆስፒታል ስሙ ለስድብ ስለዋለ፣ ወንድሜ «እብድ ነኝ እንዴ!» ብሎ ለሦስት ወር እምቢ አለ። ስለዚህ ከዚያ አትጀምሩ። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ። በብዙ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና ሥልጠና የወሰደ ነርስ ወይም ጤና መኮንን አለ። «ለእንቅልፍህ እንታይ» ብትሉት ይሄዳል። ውሸትም አይደለም። ከዚያ በላይ ካስፈለገ ሪፈር ይጻፍላችኋል፤ ከአማኑኤል ሌላ በጎንደር፣ በጅማና በመቀሌው ዓይደር የመሳሰሉ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል አለ። የጤና መድን ደብተር ካላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ በሪፈር ከሄዳችሁ ወጪው ይቀልላችኋል።

ካርድ አውጥታችሁ ስትገቡ ጊዜው አጭር ነው። በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። በሳምንት ስንት ሌሊት እንደማይተኛ፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ምን መድኃኒት እንደወሰደ። ፈንጂ ወይም ከባድ መሣሪያ አጠገቡ ፈንድቶ ራሱን ስቶ ከነበረ ሳይጠየቅም ይንገር። ንዴቱ፣ መርሳቱና የራስ ምታቱ ከጭንቅላት ጉዳትም ሊመጣ ይችላል፤ ጆሮውም ይታይ። «አልሰማ እያለ ዝም ይለናል» ስንል የነበረው ወንድሜ ግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም ነበር።

አንዱ ሐኪም ቤት ታዲያ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቀና ብሎ ሳያየው፣ ክኒን ጽፎ ሸኝቶን ያውቃል። ወንድሜ ወረቀቱን ቀዶ ጣለው። ሌላ ቦታ ያገኘናት ነርስ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው «የት ወንበር ላይ መቀመጥ ይመችሃል?» ብላ ነበር። በሩን የሚያሳየው ላይ ተቀመጠ። አንዱ ካልጣማችሁ ሌላ ሞክሩ፤ አንድ ሰው አልተመቸኝም ተብሎ ሕክምና አይተውም።

መድኃኒት ከታዘዘ፣ እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት ወዲያው አይሠሩም። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋሉ። መጀመሪያ ላይ ሆድ ማመምና መቁነጥነጥ ሊኖር ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት «ምንም አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቆም ብዙ ነው፤ ሲሻለው «ድኛለሁ» ብሎ በራሱ የሚያቆምም እንደዚያው። ሁለቱም ሐኪሙን ጠይቆ ይሁን። አሚትሪፕትሊን ከሆነ ግን የወሩን ሙሉ እሽግ እሱ ጋ አትተዉ፤ በብዛት ከተወሰደ ይገድላል። የሳምንቱን እየቆጠራችሁ ስጡት።

ጠበልስ? ይጠመቅ። ወንድሜም እንጦጦ ወጥቶ ሰንብቷል። ክኒኑን ግን ይዞ ነው የወጣው። «መድኃኒት ከወሰድክ ጠበሉ አይሠራም» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ንስሐ አባቱን ጠይቁ፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ ይችላል የሚሉ ካህናት አሉ። ጾምም ቢሆን ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ማስማማት ይቻላል። የማልስማማው ከማሰርና ከመደብደብ ጋር ነው፤ ታስሮና ተደብድቦ ለመጣ ሰው ያ ሁለተኛ ግንባር ነው።

የማይቆይ ነገር

«ብሞት ይሻላል»፣ «ከጓዶቼ ጋር መቅረት ነበረብኝ» ካለ፣ ዕቃውን ለሰው ማደል ወይም ዕዳውን በድንገት መክፈል ከጀመረ፣ ፊት ለፊት ጠይቁት፦ «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል?» መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያስገባበትም። «አዎ» ካለ ብቻውን ለአንድ ደቂቃም አትተዉት። ገመዱን፣ ክኒኑን፣ የአረምና የተባይ መርዙን ከቤት አውጡ። በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሌሊት ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቁ።

ወረቀቱና ሥራው

የስንብት ወረቀቱን፣ የሕክምና ማስረጃውንና የጉዳት ሪፖርቱን ኮፒ አድርጋችሁ በሌላ ቤት አስቀምጡ። የመከላከያ አባል የነበረ ከሆነ የጡረታ ጉዳዩ የሚታየው በአዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው፤ የጉዳት ጡረታ ለመጠየቅ የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ያስፈልጋል። ቦርድ ሲቀርብ የአካሉን ብቻ ሳይሆን የእንቅልፉንና የጭንቅላቱንም ነገር ያስመዝግብ። ቢሮ ለቢሮ ስትመላለሱ አንድ ሰው አብሮት ይሂድ። ሰልፍና «ነገ ና» ማለት ጤነኛውንም ያናድዳል፤ እሱ ከዘበኛ ጋር ተጣልቶ እስር ቤት እንዲገባ አትፈልጉም።

ሥራ ሲፈልግ ሁሉም «ዘበኛ ይሁን» ይላል፤ ጠብመንጃ ያውቃላ! ሌሊት ቆሞ ማደርና በር ማየት እኮ ሊተወው የሚሞክረው ነገር ነው። ከቻላችሁ የቀን ሥራ ፈልጉለት፤ በእጁ የሚሠራው፣ ማታ ደክሞት የሚያስገባው። ወንድሜ አሁን ብሎኬት ያመርታል።

አንድ የቀረኝ ነገር፦ ጓዶቹ ያለቁበት ቀን በዓመቱ ሲመጣ ይከፋል፣ ራሱም ለምን እንደሆነ ላያውቀው ይችላል። ቀኑን ጠይቃችሁ እወቁት። በቀን መቁጠሪያው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉበትና ያን ሳምንት ረጅም መንገድ አትላኩት፣ ሰርግም አትጥሩበት።